በነጻ በተሰጠን ላይ ስለ ማጉረምረም

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቁምስናችን አዳራሽ ሻይ ይጠጣል። ቀድሞ በዚያ ሰዓት የሚነሣው ወሬ ስለ ዝናብና ስለ እህል ዋጋ፣ ስለ ታመመ ሰውና ስለ ሠርግ ነበር። ዛሬ የወሬው እኩሌታ ስለ ስልክ፣ ስለ ፕሮግራምና ስለ ኢንተርኔት ሆኖአል። አንዱ ማታ ራሱን ያደሰው ፕሮግራም የለመደውን ቁልፍ ከቦታው አንሥቶበታል፤ ሌላው የፎቶግራፍ ማስቀመጫው ሞልቶ እምቢ ብሎታል፤ ሦስተኛው ስለ ሰው ሠራሽ አእምሮ አንድ አርእስት ብቻ አንብቦ የሰው ልጅ ሥራ ፈት የሚሆንበትን ዓመት ይተነብያል። ሁሉም አስተያየት አለው፤ አስተያየቱን ለመስጠትም የሚቸገር የለም። እኛም ከአግዳሚው ጫፍ ተቀምጠን እንሰማለን፤ አንዳንድ ጊዜም ከሁሉ አብልጠን እንናገራለን።

ሰው ስለሚገለገልበት መሣሪያ መናገሩ ነውር አይደለም። ገበሬ ስለ ማረሻው፣ ሸማኔም ስለ መወርወሪያው ይናገራል። ነገር ግን በዚህ ወሬ ውስጥ ደጋግሞ የሚመለስ አንድ ዓይነት ቃል አለ፤ እርሱም «ለምን እስከ ዛሬ አላስተካከሉትም? ምን ተቀምጠው ይሠራሉ?» የሚለው ነው። እነዚህ «እነርሱ» የተባሉት እነማን እንደ ሆኑ ተናጋሪውም ሰሚውም አያውቅም። ተናጋሪው ለዕቃው አምስት ሳንቲም አልከፈለም፤ ቢሆንም ቃሉ ደመወዙን ከፍሎ ሠራተኛ የቀጠረ ጌታ ቃል ነው።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ይህ ነው፤ ዋጋ ያልከፈልንበትን ሥራ ለሠራልን፣ ስሙንም ለማናውቀው ሰው ምን ዕዳ አለብን? ሥራው ሲጓደልስ ልንወቅሰው ይገባናልን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ለእኛም እስከ ባለፈው ክረምት ድረስ ቀላል ይመስለን ነበር፤ ምክንያቱን በስተ መጨረሻ እንናገራለን።

በመጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። ከአንባብያን ብዙዎቹ በእጃቸው የያዙት ስልክ አንድሮይድ በሚባለው ሥርዐት የሚሠራ ነው። የዚህ ሥርዐት ልብ ደግሞ ሊኑክስ ይባላል፤ እርሱንም በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ተማሪው ሥራውን በቁልፍ አልዘጋበትም። ማንም እንዲያየው፣ እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው ለሁሉ ገለጠው። ከዚያ ወዲህ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች የየድርሻቸውን ጨምረውበታል። እንዲህ ኮዱ ለሁሉ ክፍት ሆኖ የሚሠራ ሶፍትዌር ዛሬ ያልገባበት ቤት የለም ማለት ይቻላል፤ ባንኩም፣ ሆስፒታሉም፣ አየር መንገዱም፣ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍልም ከሥሩ ብንቈፍር እርሱን እናገኛለን። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ዛሬ በታላላቅ ድርጅቶች ደመወዝ ይከፈላቸዋል። ከታች ግን፣ ማንም ስሙን በማያነሣው ሥፍራ፣ አንድ ሰው ወይም ሁለት ሰው በዕረፍት ሰዓታቸው የሚጠብቁአቸው ትንንሽ ክፍሎች አሉ፤ የላይኛውም ሕንጻ በእነዚህ ላይ ቆሞአል።

በገጠር ያደግን ሁሉ ደቦን እናውቃለን። ባለ እርሻው ጠላውን ይጠምቃል፣ እንጀራውን ይጋግራል፤ ጎረቤቱ ማጭዱን ይዞ ይመጣል። ደመወዝ የለም፤ ነገር ግን በነጻ ነው ብሎ የሚያስብም የለም። ነገ የሌላው እርሻ ሲደርስ ዛሬ የታጨደለት ሰው ሳይጠሩት ይሄዳል። ወንፈል በሆነ ጊዜ ደግሞ ቀን በቀን ይቈጠራል። ለደቦ የመጣን ሰው «አስተጫጨድህ አላማረኝም፤ ለምንስ አረፈድህ?» ብሎ በሰው ፊት የሚናገር ባለ እርሻ ቢኖር በሚመጣው ዓመት አዝመራው በሜዳ ይቀራል። ይህን ሕግ የጻፈው የለም፤ የማያውቀውም የለም። በኮምፒዩተሩ ዓለም ያለው ደቦ ከዚህ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ባለ እርሻውና አጫጁ አይተያዩም። ጠላው አይቀዳም፣ ላቡም አይታይም። ስለዚህ እፍረት የሚባለው ጠባቂ በዚያ ሥራውን አይሠራም።

ይህ ምን እንዳስከተለ በሚያዝያ 2014 እ.ኤ.አ. በግልጥ ታየ። ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል የሚባል ሶፍትዌር አለ፤ በኢንተርኔት የምንልከውን የምሥጢር ቃልና የባንክ ቍጥር በመንገድ ላይ ማንም እንዳያነበው የሚቈልፍ ነው። በዚህ ቍልፍ ውስጥ «ሃርትብሊድ» የሚል ስም የተሰጠው ስሕተት ተገኘ፤ ከሁለት ዓመት በላይም ሳይታይ ኖሮአል። ዓለም ጮኸ። ከጩኸቱ በኋላ ግን ሌላ ነገር ተሰማ፤ የምድርን ንግድ የሚጠብቀው ይህ ሶፍትዌር በሙሉ ጊዜው የሚሠራለት አንድ ሰው ብቻ ነበረው፤ በስጦታ የሚያገኘውም ገንዘብ በዓመት ከ2,000 ዶላር ብዙም አይበልጥም ነበር። ወርቅ ላበደረ ጠጠር የተባለው ለዚህ ነው። ታላላቅ ድርጅቶች ገንዘብ አዋጥተው እንዲህ ያሉትን ሥራዎች የሚረዳ ማኅበር ያቋቋሙት ከዚህ ኀፍረት በኋላ ነው። መልካም አደረጉ፤ ነገር ግን ገንዘብ የደረሰው ስሙ ለታወቀው ሥራ ነበር፤ ስሙ ያልታወቀው እንደ ቀድሞው ቀረ።

ስሙ ካልታወቁት አንዱ ኤክስ ዜድ ነው። ሥራው አንድ ነው፤ ትልቅን ፋይል ጨምቆ ትንሽ ያደርጋል። ይህን ሥራ ከአሥር ዓመት በላይ የጠበቀው ላሴ ኮሊን የተባለ የፊንላንድ ሰው ነው። ደመወዝ አልነበረውም፤ ረዳትም ከስንት አንዴ ካልሆነ አልነበረውም። በ2021 እ.ኤ.አ. ግን ጂያ ታን በሚል ስም የሚጽፍ አንድ ሰው መጣ። ትሑት ነበር፣ ታታሪም ነበር፤ ትንንሽ እርማቶችን እየላከ ያግዝ ጀመር። ማንም ቢሆን እንዲህ ያለውን ረዳት የሰማይ ስጦታ ብሎ ይቀበለዋል።

በ2022 የጸደይ ወራት ሌሎች ስሞች ደግሞ ብቅ አሉ። አንዱ ጂጋር ኩማር፣ ሌላው ዴኒስ ኤንስ ይባላሉ። እነዚህ እርማት አልላኩም፤ የላኩት ወቀሳ ነው። ሁሉ በሚያነበው የኢሜይል መልእክት «ሥራው ለምን ዘገየ?» ብለው ጠየቁ፤ ባለ አደራው ፍላጎቱን እንዳጣ ጻፉ፤ አዲስ ባለ አደራ ካልተሾመም ምንም ወደ ፊት እንደማይሄድ ተናገሩ። ኮሊን የመለሰው መልስ በጨዋነት የተሞላ ነው። ፍላጎቱን እንዳላጣ፣ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ በቈየ የአእምሮ ጤና ችግርና በሌላም ምክንያት ዐቅሙ እንደ ተወሰነ ገለጠ፤ ሥራው ደመወዝ የሌለው፣ በትርፍ ጊዜ የሚሠራ መሆኑን እንዲያስታውሱለትም ለመነ። ከወቃሾቹ አንዱ ምን መለሰ? ስለ ጤናው አዝናለሁ አለና «ነገር ግን» በማለት ቀጠለ፤ ሰው የዐቅሙን ወሰን ሊያውቅ እንደሚገባውም መከረው። በዚህች «ነገር ግን» ላይ አንባቢ ጥቂት እንዲቈይ እንለምናለን፤ እኛ ብዙ ቈይተንባታል።

የደከመ ሰው ሸክሙን ለሚያግዘው ያካፍላል። ኮሊንም እንዲሁ አደረገ፤ ጂያ ታን ቀስ በቀስ የሥራው ተባባሪ ባለ አደራ ሆነ። ቍልፉን ከተቀበለ በኋላ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በየካቲትና በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. በወጡት ሁለት እትሞች ውስጥ የጓሮ በር ሠርቶ ደበቀ። በሩ የተሠራው ምሥጢራዊ ቍልፍ የያዘ አንድ ሰው ብቻ ከሩቅ ሆኖ ወደ ኮምፒዩተሩ ገብቶ እንዲያዝዝ ነው። እነዚያ እትሞች ወደ ሁሉ ቢደርሱ ኖሮ በዓለም ዙሪያ ስፍር ቍጥር የሌላቸው ሰርቨሮች ለዚያ ሰው ክፍት ይሆኑ ነበር። የአደጋውን ክብደት የመዘኑ ባለሙያዎች ከዐሥር ዐሥር ሰጡት።

ነገሩ የተገኘው በአንድ ሰው ትዕግሥት ነው። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ስለ ሌላ ሥራ ፍጥነት ሲለካ ሳለ ወደ ኮምፒዩተሩ መግባት ከወትሮው ግማሽ ሴኮንድ ያህል እንደ ዘገየ አየ። እኛ ብንሆን ኖሮ «ይህ ደግሞ ዛሬ ምን ሆነ?» ብለን እናልፍ ነበር። እርሱ ግን ከግማሽ ሴኮንዱ በስተ ጀርባ ያለውን እስኪያገኝ ድረስ ተከተለው፤ ያገኘውንም መጋቢት 29 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ለዓለም ገለጠ። በእኛ አቈጣጠር መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ በምዕራቡ አቈጣጠር ለሚያከብሩት ክርስቲያኖችም ዕለቱ የስቅለት ዓርብ ነበር። ብልሹዎቹ እትሞች ገና በሙከራ ላይ ወዳሉት ሥርዐቶች እንጂ ወደ ብዙኀኑ አልደረሱም ነበርና ጥፋቱ ተገታ። ብዙ ነገር እንደ ገጠመለት ፍሮይንድ ራሱ ተናግሮአል።

ጂያ ታን የሚለው ስም የእውነት ስም እንዳልሆነ ይታመናል። የወቃሾቹም ስሞች ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ በሌላ ሥራ ላይ አልታዩም፤ ስለዚህ እነርሱም የተንኰሉ ክፍል እንደ ነበሩ፣ ተልእኮአቸውም ባለ አደራውን ማድከም ብቻ እንደ ነበረ ነገሩን የመረመሩት ይስማማሉ።

ስለዚህ ታሪክ ብዙ ተጽፎአል፤ የሚጻፈውም አብዛኛው ስለ ስለላና ስለ ጥበቃ ነው። ለእኛ ግን ከሁሉ የሚያስደነግጠው ሌላ ነው። ተንኰለኞቹ በዚያ በ2022 ሲያጉረመርሙ ማንም አልጠረጠራቸውም። ስለ ምን? ቃላቸው በየዕለቱ ከምንሰማው ቃል ስለማይለይ ነው። ሐሰተኛው ማጉረምረም ከእውነተኛው ማጉረምረም ልክ እንደ መንታ ይመሳሰል ነበር። ተኵላው የበግ ለምድ መልበስ አላስፈለገውም፤ በጎቹ ራሳቸው ተኵላ መስለው ይናገሩ ነበርና። እንደዚህ ያለ ቃል በዚያ ሰፈር እንግዳ ቢሆን ኖሮ፣ አንድ አንባቢ እንኳ ተነሥቶ «ወንድሜ፣ ይህን ለሚያህል ዘመን ላገለገለን ሰው እንዲህ አይባልም» ቢል ኖሮ፣ ነገሩ በሌላ መንገድ በሄደ ነበር ማለት ይቻላል። ማንም ተንኰል አላሰበም፤ ግን ተንኰሉ የተጓዘበትን መንገድ የጠረጉት ተንኰል የሌላቸው ሰዎች ናቸው።

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባብያን የሚያነሡትን መቃወሚያ በቅንነት እንመልከት። «ለሁሉ ያቀረበ ሰው ኀላፊነትም አለበት፤ በነጻ ነው ብሎ የተበከለ ምግብ የሚያበላ ሰው ከወቀሳ አያመልጥም» ይላሉ። እውነት ነው። ስጦታ ክፋትን አያጸድቅም፤ አውቆ የሚጐዳም ሆነ ጕዳቱን እያወቀ የሚሰውር በነጻ ስለ ሰጠ ብቻ ንጹሕ አይሆንም። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን ሲያወጡ እንዳለ እንደሚሰጡት፣ ዋስትናም እንደማይገቡበት አስቀድመው በጽሑፍ ያስታውቃሉ፤ ያልገቡትን ቃል አፈረሱ ብሎ መክሰስ አይቻልም። በመንገድ ዳር የውሃ ጕድጓድ የቈፈረ ሰው ለመንገደኛው ሁሉ ውሃ የመቅዳት ግዴታ የለበትም። ከተማውን ሙሉ በአንድ ጕድጓድ ላይ የመሠረተ ሰው ግን ጕድጓዱን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ኀላፊነቱ የሚያድገው በቈፋሪው ላይ ሳይሆን በተደገፈበት ላይ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ በዚያ ውሃ ነግደው በበለጸጉት ላይ።

የከፈለ ሰው ግን ሌላ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ክራውድስትራይክ የተባለው ኩባንያ የላከው ጕድለት ያለበት ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒዩተሮችን በአንድ ቀን ባጠፋ ጊዜ፣ አየር መንገዶችና ሆስፒታሎች ያሰሙት ወቀሳ የፍትሕ ጥያቄ ነበር፤ ውል ገብተው ዋጋውን ከፍለዋልና። በዚህ ላይ የምንጨምረው የለንም።

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ምስጋናን ከፍትሕ ጋር የተዛመደ፣ ግን ከፍትሕ የተለየ ምግባር አድርጎ ያስተምራል። ሕግ የሚያስከፍለው ዕዳ አለ፤ ዳኛ የማያስከፍለው፣ የሰው ቅንነት ብቻ የሚከፍለው ዕዳም አለ። የምስጋና ዕዳ ከሁለተኛው ወገን ነው። ውለታ ቢስነትንም በየደረጃው ሲመድብ፣ ውለታን አለመመለስን፣ ውለታን አለማስተዋልን፣ ጨርሶ መርሳትን ይቈጥርና ከእነዚህ የባሰ ሌላ ረድፍ ይጨምራል። በዚያ ረድፍ ውስጥ፣ በመልካም ፈንታ ክፉ ከመመለስ ጋር አብሮ፣ በተቀበሉት ስጦታ ላይ ነቀፋ መፈለግ ይገኛል። በዘርአ ክህነት ሳለን ይህን ስናነብ እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል እያልን እንደነቅ ነበር፤ የሚገኘው በሻይ ጠረጴዛችን ዙሪያ መሆኑን ለማወቅ ሃያ ዓመት ፈጅቶብናል።

ይህን ስንል ስሕተት ያየ ዝም ይበል ማለታችን አይደለም። ጕድለትን መንገርና ማጉረምረም ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ጕድለትን የሚነግር ሰው ያየውን፣ መቼና እንዴት እንዳየው ይናገራል፤ ንግግሩም ለሠራተኛው ሥራ ይቀንስለታል። የሚያጉረመርም ሰው ግን ስለ ሥራው ሳይሆን ስለ ሠራተኛው ይናገራል፤ ሰነፍ ነው፣ ግድ የለውም፣ ሌላ ይሾም ይላል። ፍሮይንድ ያደረገው የመጀመሪያውን ነው። ግማሽ ሴኮንድ ዘግይቶበታል፤ እንደ ኩማርና እንደ ኤንስ «ዘገየ» ብሎ ቢጮኽ ግን ማንም ምንም ባላወቀ ነበር።

እድር ያለው ሁሉ ይህን ያውቃል። ጸሐፊው ደመወዝ የለውም፤ ገንዘብ ያዡም የለውም። ድንኳኑ በአንድ ሰዓት ዘግይቶ ቢተከል፣ አንዲት ድስት ብትጐድል፣ ጥሩምባ ነፊው የአንዱን ደጅ ቢያልፍ፣ የሚነሣው ወቀሳ የዓመቱን አገልግሎት ሁሉ ይሸፍነዋል። ምርጫው ሲደርስ ግን ዐይን ሁሉ ወደ መሬት ይተከላል። «እኔ እንኳ ጊዜ የለኝም» የሚሉት ከሁሉ አብልጠው የተናገሩት ናቸው። በብዙ እድሮች ያየነው ነውና ማንንም ለይተን አንናገርም። እንዲያውም እድር አንድ ትልቅ ጸጋ አለው፤ ወቃሹና ተወቃሹ ነገ በአንድ ልቅሶ ቤት ጐን ለጐን ይቀመጣሉ።

ከኤክስ ዜድ በኋላ ሌላ ፈተና እንደ መጣም መጥቀስ ይገባል። አዲስ ሆኖ ለማገዝ የሚመጣ ሁሉ በጥርጣሬ ዐይን ይታይ ጀመር፤ የጂያ ታንን ስም ብቻ አይተው በአንድ አገር ሕዝብ ላይ ፍርድ የሰጡም ነበሩ፤ በተጭበረበረ ስም ላይ የተመሠረተ ፍርድ! ቅዱስ ቶማስ ጥርጣሬ ከሦስት ምንጭ ይፈልቃል ይላል፤ ሰው ራሱ ክፉ ሲሆን፣ ለባልንጀራው ክፉ አመለካከት ሲኖረው፣ ወይም ረጅም ልምድ ሲያስጠነቅቀው። ሦስተኛው ብቻ ለእውነት ይቀርባል። ባለ አደራዎቹ ከልምድ ተምረው በሩን በሁለት ቍልፍ ቢዘጉ አንነቅፋቸውም። ከሩቅ ሆነን የምንጠረጥር እኛ ግን ልምዱ የለንምና ጥርጣሬአችን ከየትኛው ምንጭ እንደ ፈለቀ ራሳችንን ብንጠይቅ መልሱ ደስ አያሰኘንም።

አንባቢ «ይህ ሁሉ የፊንላንድና የአሜሪካ ወሬ ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» ሊል ይችላል። ይህን ገጽ የሚያነብበት ፊደል ራሱ መልስ ነው። የግዕዝ ፊደል የዓለም ኮምፒዩተሮች ሁሉ በሚጠቀሙበት ዩኒኮድ በተባለው መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የፊደል ፕሮግራም የራሱ ቍጥር ስለ ነበረው፣ በአንዱ ቤት የተጻፈ ጽሑፍ በሌላው ቤት ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ብቻ ይሆን ነበር፤ በዚያ ዘመን ወደ ማተሚያ ቤት ጽሑፍ የወሰደ ሁሉ ምሬቱን ያስታውሳል። ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ ሮም «ሰላም» ብለን ስንልክ «ሰላም» ሆኖ የሚደርሰው፣ ስማቸውን የማናውቃቸው ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ሰዎች ስለ እያንዳንዷ ሆሄ ተከራክረው ስላዘጋጁልን ነው። አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤልን የመሰሉ መልካም የፊደል ቅርጾችም በነጻ የሚገኙ ናቸው። የ«ኰ» እግር ትንሽ ቢጣመምብን ግን ምን እንደምንል እናውቃለን።

አሁን በመጀመሪያ ቃል ወደ ገባነው እንመለስ። ይህን መጽሔት ስድስት ዓመት ሙሉ በኮምፒዩተር ያቀናብርልን የነበረ የቁምስናችን ወጣት አለ። ቀን በሥራው ይውላል፤ ማታ ይመጣና የቢሮውን በር ከፍቶ፣ ብዙ ጊዜም ብቻውን፣ ገጾቹን ያዘጋጃል። ክፍያ አልጠየቀም፤ እኛም አላሰብንበትም። ስሙን በመጽሔቱ የመጨረሻ ገጽ እንኳ አልጻፍንለትም፤ እንዲጻፍ አልፈልግም ብሎን ይሆን ብለን መዝገብ አገላበጥን፤ ጠይቀነው አናውቅም።

ባለፈው ክረምት እትሙ ሦስት ሳምንት ዘገየ። ምእመናን ይጠይቁን ነበር፤ ከሀገረ ስብከትም ተደውሎ ነበር። አንድ ምሽት በቴሌግራም እንዲህ ብለን ጻፍንለት፤ «ልጄ፣ ሰው ሁሉ እየጠየቀን ነው። ችግር እንዳለብህ እንረዳለን፤ ነገር ግን ሥራው ከከበደህ ንገረንና ሌላ ሰው እንፈልጋለን።» እርሱም «እሺ አባ» ብሎ መለሰ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። በሁለት ሌሊት ገጾቹን ጨረሰ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዘበኛው ፖስታ አመጣልን፤ በውስጡ የቢሮው ቍልፍ ነበረበት። እኛ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን፣ የወጣቶች ነገር እንዲህ ነው አልንና ቍልፉን በመሳቢያ ውስጥ አስቀመጥነው።

የኤክስ ዜድን ታሪክ ያነበብነው ከዚያ በኋላ ነው፤ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለ ሌላ ጕዳይ ስናወራ አሳየን። መልእክቶቹን በተራ አነበብናቸው። አዝናለሁ ካለ በኋላ ወደ መጣችው «ነገር ግን» ስንደርስ የማን ድምፅ እንደ ሆነ ዐወቅነው። ያ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ሌላውን ለመጣል አስቦ ነው የጻፈው። እኛ ማንንም ለመጣል አላሰብንም፤ ቃሉ ግን አንድ ነበር፤ ያደረሰውም ያው ነው።

ወደ ቤቱ ሄድን። እናቱ ቡና አፈሉልን። ለምን እንደ ዘገየ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም፤ የመጠየቅ መብታችንን ያጣን መሰለን። ይቅርታ ለመንነው፤ ስድስት ዓመት የዘገየውንም ምስጋና በእናቱ ፊት ሰጠነው። ይቅር ብሎናል። ተመልሶ ይመጣ እንደ ሆነ ስንጠይቀው ግን ጥቂት ዝም ብሎ «አሁን አይሆንልኝም አባ» አለን፤ የሚማር ሰው ከተገኘ ግን አሠራሩን እንደሚያሳይ ነገረን። ሁለት ሰዎች ተገኝተዋል፤ አንዲት እኅትና አንድ የትምህርት ቤት መምህር። ሐሙስ ሐሙስ ይማራሉ።

የዚህን እትም ገጾች ያቀናበርነው እኛው ነን። በአሥራ ሁለተኛው ገጽ ያለው ሥዕል ለምን ወደ ጐን እንደ ተንሸራተተ እስከ አሁን አልገባንም፤ አንዳንድ ቃላትም በመስመር መጨረሻ ተሰንጥቀው ቀርተዋል። ስሕተት ያየ አንባቢ የገጹን ቍጥርና መስመሩን ጽፎ ቢሰጠን እናርመዋለን። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቢሮው ክፍት ነው፤ ከኮምፒዩተሩም አጠገብ አንድ ትርፍ ወንበር አለ።